ግመል ከነጭነቱ

ሰመራ ውስጥ ከምኖርበት ቤት አጠገብ ጎረቤቴ አጥር እያስገነባ ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ ሠራተኞቹ ትናንት የደረደሩትን ብሎኬት ውሃ ያጠጡታል። ሲያድር ያልበረደ ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። የዝናብ ሽታ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር አቧራ አለበት። ያ ሽታ በመስኮት በገባ ቁጥር እጄ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ እጅ ያለ ይመስለኛል። ደረቅና ቀላል፣ ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ እጅ። የአባ ሁመድ እጅ።

ያኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነበርን፤ እኔም ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሰይድ የከሚሴ ሰው ነው፤ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ መኪናቸው አዋሽ ላይ ተሰብሮ ቆመ፤ እሱም እዚያው ቀረ። እናቴ ዘይነባ እኔን አርግዛ ተከተለችው። መጠጊያ የሰጧቸው አባ ሁመድ ናቸው፤ ከተማዋ እስከዚያ ከመድረሷ በፊት በቦታው የነበሩ የአፋር ሽማግሌ። ወሬውን እናቴ ስንት ጊዜ እንዳወራችልኝ አላውቅም።

«ከመንገዱ በኩል ያለው ላንተ ይሁን፤ ሻይ ሽጥበት» አሉት አባቴን። «እኔ የመኪና ጩኸት አልወድም፤ ከኋላ እሆናለሁ። መውጫ ብቻ ተውልኝ።»

«ምን ያህል ልተው?» አላቸው።

«ግመል ከነጭነቱ የሚያልፍበት።»

እጅ ለእጅ ተመታቱ፤ ዱዓ ተደረገ፤ አለቀ። ከፊት ለፊት የኛ ሻይ ቤት ተሠራ፤ ውሎ አድሮ ምግብ ቤትም ሆነ፤ ሾፌሮች ሩዝና ጥብስ የሚበሉበት። ከጎኑ፣ በሻይ ቤታችንና በአንድ ጋራዥ ግንብ መካከል፣ ከአስፋልቱ እስከ አባ ሁመድ ደጃፍ የሚዘልቅ መተላለፊያ ቀረ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግመሎቻቸው ሁሉ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ቆላው ወርደው ነበር። በመተላለፊያው የሚያልፉት ፍየሎች፣ ባለቤታቸው እማ ሐሊማ ከነጀሪካናቸው፣ እና እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ቀን የሚመጣ ግመል አለ ብዬ አምን ነበር። ቦታውን ባዶ የተውነው እሱን ስንጠብቅ ነው። ሾፌር መኪናውን እዚያ ሊያቆም ሲል «ግመል ይመጣል!» ብዬ እጮህበት ነበር።

የአባ ሁመድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ የእማ ሐሊማ ጉልበት ደግሞ ታሞ ነበር። መስጂድ ማድረስ የኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ባንኮኒው ላይ ወርውሬ እሮጣለሁ። አንድ እጃቸውን እኔ እይዛለሁ፤ በሌላው የሻይ ቤታችንን ግድግዳ እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ግድግዳው በጣታቸው ቁመት ላይ ለስልሶ፣ ቀለሙ ለቆ፣ ረጅም መስመር ሠርቶ ነበር።

«አንተ ሀዋ» ይሉኛል። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉም «አንተ» ነው። እኔ ግን ስለማያዩ ወንድ ልጅ የመሰልኳቸው ይመስለኝ ነበር። እንዳያፍሩ ብዬ ድምፄን ወፈር አደርግላቸው ነበር።

«አንተ ሀዋ፣ ዳጉ ንገረኝ። ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው እንዲህ ነው። ያየኸውን፣ የሰማኸውን ትናገራለህ፤ ሌላውም እንዲሁ፤ ይህንን ዳጉ ይሉታል። አባ ሁመድ ሲያስተምሩኝ፣ ዳጉ ላይ አይጨመርም፣ አይቀነስም አሉኝ። «ሰው በዳጉ መንገድ ይመርጣል፤ ውሃ ያለበትን፣ ጠላት ያለበትን። የዋሸህ እንደሆነ ከብቱ ይሞታል።» የኛ ዶሮ ጫጩት ስለ መፈልፈሏ፣ አስተማሪያችን ስለ ማስነጠሷ፣ አንድ የጭነት መኪና ስለ መገልበጡ ሁሉንም እነግራቸው ነበር። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ትኩረት ይሰማሉ። ስጨርስ «ሰማሁ» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ እንደሳቸው የሰማኝ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ሙቀቱ በሚከፋበት ወር አባ ሁመድና እማ ሐሊማ ለዘመድ ለቅሶ ወደ ቆላው ወረዱ። እነሱ ሳይመለሱ የከተማው ቀያሾች መጡ። የይዞታ ካርታ ሊሰጥ ነው ተባለ። ይዞታ ምን እንደሆነ ባላውቅም አባቴ ልብሱን ቀይሮ ሲጠብቃቸው ትልቅ ነገር መሆኑ ገባኝ። አንደኛው ቀያሽ የሜትሩን ጫፍ ሰጠኝና «ያዢልኝ፣ ጎበዝ» አለኝ። ጋራዡ ግንብ ሥር ቆሜ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሜትሩ ሲወጠር ልቤም አብሮ ተወጠረ።

ቀያሹ መተላለፊያውን አየና አባቴን ጠየቀው፤ «ይችስ ቦታ? ሰው ይመላለስባታል?»

አባቴ ግንባሩን በመሐረቡ ጠረገ። «የለም» አለ። «የኔ ናት። እቃ አራግፍባታለሁ። ከኋላ ያሉት በሐዲዱ በኩል መውጫ አላቸው።»

ልክ ነው አልኩ በልቤ። አባ ሁመድ የሉም፤ እማ ሐሊማም የሉም፤ ሰው አይመላለስም። አባቴ እውነቱን ነው የተናገረው። ቀያሹ ጻፈ። ከሄዱ በኋላ አባቴ ሚሪንዳ ከፍቶ ሰጠኝ።

ባልና ሚስቱ ከቆላ ሲመለሱ ለአባ ሁመድ የምነግራቸው ብዙ ነበረኝ። እጃቸውን ይዤ ገና ሁለት እርምጃ ሳንሄድ፣ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉኝ። ሜትር መያዜን በኩራት ነገርኳቸው። የት እንደቆምኩ፣ ሜትሩ ምን ቀለም እንደነበር፣ ቀያሹ ጎበዝ እንዳለኝ። ምን እንደጠየቀና አባቴ ምን እንደመለሰ ደግሞ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

ቆሙ። ግድግዳው ላይ የነበረው እጃቸው ወረደ።

«አባትህ ‹የለም› አለ?»

«አዎ። እናንተ ስላልነበራችሁ።»

 ከአስፋልቱ የመኪና ትንፋሽ ይሰማል። «ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አልነበርንም።» ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «ይህን ዳጉ ለሌላ ሰው አትንገር። እኔ ጋ ደርሷል፣ ይበቃል» አሉኝ። ያን ቀን «ሰማሁ» ሳይሉኝ መስጂድ ደረስን።

ካርታው ተሰጠ። ከዚያ ብሎኬት የጫነ መኪና መጥቶ መተላለፊያው አፍ ላይ አራገፈ። አባቴ ለሾፌሮች አልጋ ቤት ሊሠራ ነበር። ብሎኬቱ በወረደበት ዕለት እናቴና አባቴ ጓዳ ገብተው ተጨቃጨቁ።

«ወሰን አትግፋ፣ ሰይድ። አላህን ፍራ» ስትለው ሰማሁ።

ክፍላችን ውስጥ ወሰን የምትባል ልጅ ነበረች፤ አባቷ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረ። በማግስቱ አጠገቧ ተቀምጬ ጉልበቷንም ክርኗንም ተመለከትኩ፤ የተላጠ ነገር የላትም። «አባቴ ገፍቶሻል እንዴ?» አልኳት። ሳቀችብኝ።

እናቴ ግን አላቆመችም። «ሜዳ ላይ ወድቀን ያነሱን ሰውዬ ናቸው።»

«ሰውዬው አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ቆላ ናቸው። ነገ ቦታው ለሌላ ይሸጣል፤ ያኔ የማላውቀው ሰው በጓዳዬ ሲመላለስ ልይ? ካርታው የኔ ነው ይላል እኮ!»

«ካርታው ያልከውን ነው ያለው። የሰው መሬት ስንዝር የገፋ፣ ሰባት ምድር አንገቱ ላይ ይጠመጠምበታል ሲባል አልሰማህም?»

ሰባት ምድር! አባቴ ለሶላት ሲታጠብ አጠገቡ እየቆምኩ አንገቱን መከታተል ጀመርኩ። ውሃው ወደ ደረቱ ሲወርድ፣ ከቆዳው በታች የሆነ ነገር ያበጠ ይመስለኛል። አባቴን እወደው ነበር። ምድር ከባድ ነው፤ ሰባት ደግሞ እንዴት ይችላል?

ግንበኛው ሲባጎውን ከጋራዡ ግንብ እስከ ሻይ ቤታችን ወጠረ፤ ግድግዳውም ወጣ። እማ ሐሊማ ጀሪካናቸውን በጀርባቸው አዝለው ከአስፋልቱ በኩል ሲመጡ ብሎኬቱ እስከ ወገባቸው ደርሶ ነበር። ጀሪካኑን አላወረዱትም። እናቴን ፈለጓትና አገኟት።

«ዘይነባ፣ እኔ በየት ልግባ?»

እናቴ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ጀሪካኑን ከጀርባቸው አውርዳ ራሷ ተሸከመችና በኋላው መንገድ አብራቸው ሄደች። ስትመለስ አባቴን አላናገረችውም፤ ለብዙ ቀን ምሳውን አስቀምጣለት ዞር ትል ነበር።

የኋላው መንገድ ወደ ጥልቁ ቦይ ይወርዳል፣ ሐዲዱን ይሻገራል፣ በጋራዦቹ ጀርባ በዘይት የጠቆረ መሬት ላይ ያልፋል፤ መጨረሻው አስፋልት ነው። በዚያ ላይ የሚዳሰስ ግድግዳ የለም። አባ ሁመድ በሁለት እጃቸው እኔን መያዝ ጀመሩ። ዳጉ መጠየቅም ተዉ፤ እግራቸውን ነበር የሚያዳምጡት። እኔም ቦዩ ጋ «አሁን ድንጋይ ነው»፣ ሐዲዱ ጋ «አሁን ብረት ነው» እላለሁ።

አንድ ቀን አስፋልቱ መካከል ስንደርስ ተሳቢ መኪና ከታች መጣ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ አባ ሁመድ ደርቀው ቆሙ። ጎተትኳቸው፤ አልተነቃነቁም። ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ብትራቸውን ከፊታቸው ዘረጉ፤ መኪናውን በሱ የሚያቆሙት ይመስል። ፍሬኑ ጮኸ፤ የጎማ ጭስ በላያችን ላይ መጣ። ረዳቱ እየተሳደበ ወረደ፤ ዓይናቸውን ሲያይ ግን ስድቡ አፉ ውስጥ ቀረ። «አባባ፣ አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያለ አሻገረን። አንዱ ጫማቸው የት እንደገባ አልታወቀም።

መስጂዱ በር ላይ ስንደርስ ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም ነበር። «ሀዋ» አሉኝ፤ «ከዛሬ ወዲያ እቤቴ እሰግዳለሁ። አንተን መንገድ ላይ አልገድልም።»

ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ከመስጂዱ ጎን ኒም ዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ ኢማሙ፣ ሁለት የአፋር ሽማግሌዎች፣ አንድ የወሎ ነጋዴ። አባ ሁመድን ያንን መንገድ ቀስ ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝና እጃቸውን እንደያዝኩ አጠገባቸው ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ከፊት ለፊታችን ነበር፤ ካርታው በላስቲክ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ።

አባቴ ተናገረ። ካርታው በስሙ መሆኑን፣ በዚያ ካርታ ላይ መንገድ የሚባል ነገር አለመኖሩን፣ ከኋላም መውጫ መኖሩን። ድምፁ የሱ ድምፅ አይመስልም ነበር።

ኢማሙ ወደ አባ ሁመድ ዞሩ። «አባ ሁመድ፣ መንገዱን ይመላለሱበት እንደነበር እናውቃለን፤ ሲለካ ለቀያሾቹ የተባለውን ሰምቶ የሚናገርልዎ ምስክር አለዎት?»

«አለኝ።»

«ማን ነው? ይጠራ።»

«አልጠራውም።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው የአፋር ሽማግሌ በቋንቋቸው የሆነ ነገር አላቸው፤ ቁጣ ነበረበት። አባ ሁመድ በአማርኛ መለሱ፤ ሁሉም እንዲሰማ ይመስለኛል። «ምስክሬን ከጠራሁ መንገዴን አገኛለሁ። ሌላ ነገር ግን ይፈርሳል። እሱ ከፈረሰ ግንበኛ አይሠራውም።»

ይህን ሲሉ እጄን ጨበጥ አደረጉት፤ ትንሽ። አባቴ እጃችንን እያየ ነበር። ከእጃችን ወደ ፊቴ ተመለከተ። ዓይኑን ከኔ ላይ ሲያነሳ ላስቲኩ ጭኑ ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

ሽማግሌዎቹ ምስክር ከሌለ ካርታውን ማለፍ አንችልም አሉ፤ አባቴ ግን እንዲያስብበት ለምነው ተነሱ።

በማግስቱ ምግብ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት አባቴ ጠራኝ። ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቱ አስቀመጠኝ፤ እንደ ደንበኛ።

«ሀዋ፣ አባ ሁመድ ምስክር ያሉት ማንን ነው?»

«እኔን ይሆናል።»

«ምን ነገርሻቸው?»

«ያየሁትንና የሰማሁትን። ሰውየው ‹ሰው ይመላለስባታል?› ሲልህ ‹የለም› አልክ።» እንዳይከፋው ቶሎ ጨመርኩ፤ «እነሱ ስላልነበሩ እኮ ነው። እሳቸውም ልክ ነው ብለዋል።»

«ልክ ነው አሉ?»

«አዎ። ለማንም እንዳትነግር አሉኝ።»

 ዝንቦች የተደፋ ሻይ ላይ ያርፋሉ፣ ይነሳሉ። አባቴ መዳፉን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ። ከብዶኝ ነበር፤ ግን አላወረድኩትም።

ተነሥቶ ከጓዳ ድጅኖውን አወጣ። ውጪ ያለው ፀሐይ ውሻ እንኳ ከጥላ የሚያስወጣ አልነበረም። ሸሚዙን አውልቆ ግድግዳውን መታው። ሰዎች ከተኙበት ወጡ፤ ረዳቶች ከመኪና ሥር ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። ግንበኛው እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ ሰይድ! ምን ነክቶዎት ነው? እኔ ጥፋት ሠርቼ ነው?»

«አንተ አይደለህም። ሲባጎህን ይዘህ ና፤ ወደ እኛ ወደ ውስጥ ትስበዋለህ።»

«ምን ያህል?»

አባቴ ድጅኖውን ተደግፎ ቆመ።  ያ ልክ ምን ያህል እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ከዓመት ዓመት ሻይ ቤቱ ደረጃ ሲጨምር፣ በርሜል ሲቀመጥ፣ የማገዶ ክምር ሲከመር ጠብቦ ነበር። «ነገ ገበያ ነው» አለ። «ነገ እንለካዋለን።»

በገበያው ቀን ሰሌን ጭነው ከገጠር የሚመጡ ግመሎች በአስፋልቱ ዳር ያልፋሉ። አባቴ አንዱን ባለ ግመል አስቆመና ለመነው። ሰውየው መጀመሪያ ሊሰርቁት የፈለጉ መሰለው፤ እናቴ መጥታ በተሰባበረ አፋርኛዋ አስረዳችው። ግመሉ በግራ በቀኝ የተጠቀለለ ሰሌን እንደጫነ፣ የጭነቱ እንጨት በጎንና በጎኑ ወጣ ብሎ፣ በፈረሰው ብሎኬት ላይ እየተጠየፈ ገባ። ግንበኛው ከጭነቱ ጫፍ በታች በኖራ መሬቱን እያሰመረ ተከተለው። በርሜሎቻችንን እናቴ ራሷ አንከባልላ አነሣች። የማገዶው ክምር ፈረሰ። አንድ ቦታ ጭነቱ የሻይ ቤታችንን የወጥ ቤት ጥግ ፈገፈገ፤ አባቴ «እዚህም ጋ ምልክት አድርግ፤ ይፈርሳል» አለ።

እኔ ከፊት ሮጬ ለአባ ሁመድ ልነግር ነበር፤ ግን ቀድመው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። አፍንጫቸው ተከፍቷል። እማ ሐሊማ ክንዳቸውን ይዘዋል።

«ግመል ነው» አሉ። «የማን ግመል ነው?»

 ግመሉ እስከ ደጃፋቸው መጥቶ ቆመ፤ እጃቸውን ዘርግተው አንገቱን አገኙት፤ ከዚያ ጭነቱን፣ ከዚያ በጭነቱና በግንቡ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ዳሰሱ።

አባቴ ከግመሉ ኋላ መጣ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እሳቸውም ድምፁን ሰምተው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አባ ሁመድ፣ ዳጉ ልንገርዎት» አለ።

«ንገረኝ።»

«ቀያሾች መጡ። አንቱ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ እኔም ያንን አውቅ ነበር። ሰው ይመላለስባታል ወይ አሉኝ። በዚህች መንገድ ሚስቴ እኔን ፍለጋ፣ ልጄን በሆዷ ይዛ መጥታ፣ አንቱ ቤት ነው ያረፈችው። የለም አልኩ። እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። ያየሁትም የሰማሁትም ይኸው ነው።»

አባ ሁመድ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ፤ የጫጩት ወሬ ስነግራቸው እንደሚያዳምጡት አድርገው። እማ ሐሊማ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ነበር።

«ሰማሁ» አሉ አባ ሁመድ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። አባቴም አልጠየቀም። ግን እጃቸውን ዘረጉ፤ አባቴ ሳመው፤ እሳቸውም የሱን ሳሙ።

ያንን ክረምት በመተላለፊያው ወደ መስጂድ ተመላለስን። የሚዳሰሰው፣ በኖራው ምልክት ላይ የተሠራው ግድግዳ አዲስ ስለሆነ ጣታቸውን ይሻክራቸው ነበር፤ «ይለምዳል» ይላሉ። አልለመደም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ትኩሳት ያዛቸውና በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቱ። ጀናዛው በመተላለፊያው ወጣ፤ ተሸካሚዎቹ በግራም በቀኝም ከነትከሻቸው አለፉ፤ አባቴ ከፊት በኩል ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ። እማ ሐሊማ አላለቀሱም፤ መንገዱ ባዶ እስኪሆን በዓይናቸው ተከተሏቸው።

አባቴ ካርታውን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰ፤ ምን እንደጻፉለት አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ። አልጋ ቤቱ ግን ተሠራ። ከመተላለፊያው ጎን ያለችው ክፍል ጠባብ ሆና ቀረች፤ አልጋ ገብቶባት እግር ማስቀመጫ አይተርፍም። አንድ የጅቡቲ ሾፌር ቁልፉን ተቀብሎ ገባና ወዲያው ተመልሶ ወጣ።

«ሰይዶ፣ ይቺ ክፍል ምነው እንዲህ ጠበበች? ከወዲያ በኩል ባዶ ቦታ አለህ አይደለም እንዴ?»

እማ ሐሊማ ያን ጊዜ ጀሪካናቸውን አዝለው እያለፉ ነበር። አባቴ ባንኮኒውን ይወለውል ነበር፤ እጁን አላቆመም።

«መንገድ አለባት» አለው።